ከባዝ እስከ እታባ ቤት

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ መልእክቶች አብዛኞቹ «ዶክተር፣ ስፖርት ጀምሬ በሳምንቱ አቋረጥኩ፣ ምን ይሻለኛል?» የሚሉ ናቸው። ለብዙዎቻችሁ አጭር መልስ ሰጥቻለሁ። ዛሬ ግን ረዘም አድርጌ የራሴን ታሪክ ልንገራችሁ። አንዳንዱ ነገር ከሐኪም አፍ ሲወጣ ያሳፍራል፤ ቢሆንም ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለስምንት ወር ስልጠና ወደ እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ወደምትባል ከተማ ሄጄ ነበር። ዕድሜዬ 44፣ ክብደቴ 93 ኪሎ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ አዲስ የደም ግፊት መለኪያ ለሰልጣኞች ሲታይ «ፈቃደኛ ማን ነው?» ተባለና እጄን አወጣሁ። መሣሪያው ክንዴን ጨምቆ ለቀቀና በትልልቅ ቁጥር 158/98 ብሎ አሳየ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሐኪም ነው። ማንም ምንም አላለም። አሰልጣኟ ብቻ «ምናልባት ቡና ጠጥተህ ይሆናል» አለችኝና ከአምስት ደቂቃ እረፍት በኋላ ደግማ ለካችኝ። 154/96።

ቡና አልጠጣሁም ነበር። እውነቱን ለመናገር ግፊቴን ከተለካሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። በየቀኑ የሰው ክንድ እያሰርኩ የራሴን አንድ ቀን አላሰርኩም። ለምን ብትሉኝ፣ አባቴ የሞተው በ58 ዓመቱ በስትሮክ ነው። ፈርቼ ነበር። እናንተ ፈርታችሁ ስትቀሩ የምቆጣችሁ ሰውዬ፣ እኔው ራሴ።

ያን ዕለት ማታ ብሪስቶል ለምትኖረው አክስቴ ደወልኩ። የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ «እታባ» እያልን ነው ያደግነው። ስኳር ካለባት ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗታል። ሁልጊዜ «እታባ፣ ዛሬስ ወጣ ብለሽ ተራመድሽ?» የምለው እኔ ነኝ፤ «ነገ» የምትለው እሷ። ያን ማታ ቁጥሩን ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ «አባትህም ደህና ነኝ እያለ ነው የሄደው» አለችኝ። ትንሽ ቆየችና ደግሞ «እኔን ተራመጂ ትለኛለህ፣ አንተ ቦርጭህን ታቅፈህ ተቀምጠሃል። እስቲ መጀመሪያ አንተ በእግርህ እኔ ቤት ድረስ ና፣ ከዚያ እንነጋገራለን።»

ቀልዷን ነበር። ከባዝ እሷ ቤት ወደ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

መጀመሪያ ያደረግኩት መሮጥ አልነበረም። ይህን ልብ በሉልኝ። ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ ቤት ውስጥ ተለካሁ፣ አማካዩ አሁንም ከፍ ያለ ሆነ፣ ሐኪም ዘንድ ቀርቤ የደምና የልብ ምርመራ አደረግሁ፣ ኪኒን ጀመርኩ። ጫማ የገዛሁት ከዚያ በኋላ ነው። ግፊት፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለባችሁ፣ ወይም ስትንቀሳቀሱ ደረታችሁን የሚወጋችሁ ሰዎች፣ ይህን ቅደም ተከተል አትገልብጡት።

አሁን ስለ ከተማዋ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሩጫውን ያስቀጠለኝ ጉብዝናዬ ሳይሆን እሷ ናት።

ባዝ ማለት በቋንቋቸው መታጠቢያ ማለት ነው። እንደ አዲስ አበባ የፍልውሃ ልጅ ናት። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍልውሃው አጠገብ ቤት ማሠራታቸው የእኛን ከተማ እንደፈጠረ ሁሉ፣ እነሱም ዘንድ ሮማውያን በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ፍልውሃ አግኝተው መታጠቢያ ሠሩበት። ውሃው እስከ ዛሬ በቀን ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ፣ በ46 ዲግሪ ሙቀት ይፈልቃል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የእንግሊዝ ባለጸጎች ለሪህና ለመገጣጠሚያ ሕመም ሊታጠቡበትና ሊጠጡት ይጎርፉ ነበር። ቤቱ ሁሉ ከአንድ ዓይነት ድንጋይ ነው የተሠራው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት የማር ቀለም ይይዛል። ኤቮን የተባለው ወንዝ ከተማዋን እንደ መቀነት ዞሯታል። በላዩ ላይ በ1774 ያለቀ፣ ግራና ቀኙ ሱቅ የሆነ ፑልተኒ የሚባል ድልድይ አለ። በላዩ ስትሄዱ ተራ ጎዳና ይመስላችኋል፤ ወርዳችሁ ከወንዙ ዳር ስታዩት ነው ድልድይ መሆኑ የሚገባችሁ። ውሃው ከሥሩ እንደ ደረጃ እየተሰበረ ይወርዳል፣ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ዩኔስኮ በ1987 ከተማዋን በሙሉ በዓለም ቅርስነት የመዘገባት ያለ ነገር አይደለም።

ለጀማሪ ሯጭ ግን ክፉ ከተማ ናት። የተቀመጠችው ጎድጓዳ ላይ ስለሆነ በየትም በኩል ብትወጡ ዳገት ነው። የመጀመሪያ ቀን ሮያል ክሬሰንት ወደሚባለው፣ 30 ቤቶች በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ወደተደረደሩበት ዝነኛ ሰፈር ሽቅብ ሮጥኩ። ልሩጥ አልኩ እንጂ ሁለት መቶ ሜትር እንኳ ሳልሄድ አጥር ይዤ ቆምኩ። ውሻዋን የምታንሸራሽር አንዲት አሮጊት አልፋኝ ሄደች። እየተራመደች። የሥራ ባልደረቦቼ ደግሞ ኢትዮጵያዊ መሆኔን እንደሰሙ «አንተማ ሯጭ ነህ!» ይሉኛል። የኃይሌን ስም ያላነሳብኝ አልነበረም። አገሬን ያሰደብኩ መሰለኝና ከዚያ በኋላ ሰው ሳይነሳ በማለዳ መውጣት ጀመርኩ።

ያዳነኝ ቦዩ ነው። ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ከወንዙ የሚለይ፣ ኬኔት ኤንድ ኤቮን የሚባል የጀልባ ቦይ አለ። መጀመሪያ በስድስት የውሃ በሮች እንደ መሰላል ሽቅብ ይወጣል። አንደኛው በር ወደ ስድስት ሜትር ጥልቀት አለው፤ ጀልባ ሲገባበት ውሃ ይሞላና ጀልባው እንደ አሳንሰር ከፍ ይላል። ይህችን ከወጣችሁ በኋላ ግን እስከ ብራድፎርድ ኦን ኤቮን ከተማ ድረስ፣ ወደ 14 ኪሎ ሜትር፣ አንድም የውሃ በር የለም። የውሃ በር የለም ማለት ደግሞ መንገዱ ለጥ ያለ ነው ማለት ነው። ድሮ ፈረሶች ጀልባ ይጎትቱበት የነበረው የእግር መንገድ አሁን የሯጭና የብስክሌት ሆኗል። መጀመሪያ ሲድኒ ጋርደንስ የተባለውን የቆየ መናፈሻ በ1800 በተሠሩ የብረት ድልድዮች ሥር ያቋርጣል፣ ከዚያ ከተማው በግራችሁ ወደታች እየቀረ ወደ ባዛምፕተን መንደር ይወስዳችኋል። ላሞች፣ አንገታቸውን የሚሰብቁ ዝይዎች፣ ከሸለቆው የሚነሳ ጉም።

በቦዩ ዳር ሰው የሚኖርባቸው ረጃጅም ጠባብ ጀልባዎች ታስረው ይቆማሉ። ጣሪያቸው ላይ የማገዶ እንጨትና የአበባ ማሰሮ፣ ጠዋት ጠዋት ከጭስ ማውጫቸው የሚወጣ ጭስ። የልምምድ ፕሮግራሜ እነሱ ነበሩ። ሁለት ጀልባ በሩጫ፣ አራት ጀልባ በእርምጃ። በሁለተኛው ሳምንት ሦስት በሦስት። ሰዓት ማየት አያስፈልገኝም ነበር፤ የጀልባዎቹን ስም እያነበብኩ እቆጥራለሁ። በጆሮዬ የስልክ ማዳመጫ አድርጌ እታባን እደውልላታለሁ። እሷ ለጸሎት ማልዳ ትነሳለች።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር አለ። ስፖርት የሚያቋርጡት አብዛኞቹ ሕመምተኞቼ ከአቅማቸው በላይ በፍጥነት የጀመሩ ናቸው። ትክክለኛው ፍጥነት በጣም ቀላል መለኪያ አለው፦ ማውራት መቻል አለባችሁ። ዘፈን መዝፈን ካቃታችሁ ግን ወሬ ካላቃታችሁ፣ ልካችሁ እሱ ነው። እታባ ይህን ሳላስረዳት ገባት። ስለ ጎረቤቷ እያወራችልኝ ድንገት «አሁን አለከለክ፤ ቀስ በል» ትለኛለች። ብዙ ሰዓት ገዝቻለሁ፤ እንደ እሷ የሠራልኝ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በቀን ሠላሳ ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ማለት ነው። የእታባ ወሬ ከሠላሳ ደቂቃ አንሶ አያውቅም።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ ደንዳስ ደረስኩ። ከመሐል ከተማ ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚያ ቦዩ ራሱ በድልድይ ላይ ወንዙን ይሻገራል። ውሃ በውሃ ላይ፣ ጀልባ በወንዝ ላይ በአየር ሲያልፍ አስቡት። በ1805 የተሠራ የድንጋይ ሥራ ነው። ከእሱ ትንሽ መለስ ብሎ ክላቨርተን የሚባል ቦታ ደግሞ ከ1813 ጀምሮ የነበረ የውሃ መሳቢያ አለ። ወንዙ ትልቅ መንኮራኩር ያዞራል፣ መንኮራኩሩ የወንዙን ውሃ 14 ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ቦዩን ይሞላል። ነዳጅ የለ፣ መብራት የለ። እኔ ሐኪም ነኝና ያን መንኮራኩር አይቼ ስለ ልብ ነው ያሰብኩት። ልባችንም በቀን መቶ ሺህ ጊዜ ያህል እንዲሁ ይገፋል፤ ግፊቱ ሲበዛ የሚገፋበት ቧንቧ እየጠነከረበት በየቀኑ ሽቅብ ነው የሚሠራው።

እንዲህ ሲሳካልኝ ጠገብኩ። ከተማዋን ከላይ ሆኖ በኮረብቶቹ ጫፍ የሚዞር፣ ስካይላይን የሚባል አሥር ኪሎ ሜትር ያህል የእግር መንገድ አለ። ጫካ አለው፣ የበግ ግጦሽ አለው፣ ከፊት ሲያዩት ግንብ የሚመስል ከኋላው ግን ባዶ የሆነ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የውሸት ቤተ መንግሥት አለው፤ አንድ ባለጸጋ ከቤቱ ሲያየው እንዲያምረው ያሠራው ነው። ከዚያ ላይ ሆኖ ባዝን ማየት ከእንጦጦ ሆኖ አዲስ አበባን የማየት ያህል ነው። ዳገቱን በደህና ወጣሁ። ጥፋቱ የተሠራው ስወርድ ነው። ቁልቁል እየሮጥኩ እንደ ልጅ ራሴን ለቀቅኩት፤ ታች ስደርስ የቀኝ ጉልበቴ ፊት ለፊቱ ይወጋኝ ጀመር። በማግሥቱ ደረጃ መውረድ አቃተኝ። ቁልቁለት ለሳንባ ቀላል ነው፣ ለሎሚው ግን አይደለም፤ እያንዳንዱ እርምጃ ፍሬን መያዝ ነው። ሦስት ሳምንት ሩጫ አቆምኩ። በሕመምተኛ ላይ ባይ ኖሮ «ለምን ቸኮልክ?» እለው ነበር።

ክረምቱ እዚያ ላይ መጣ። ዝናብ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ጨለማ። ጉልበቴ ሲሻለው የሄድኩት ወደ ዋሻው ነው። በ1966 የተዘጋ የባቡር መስመር በ2013 ለእግረኛና ለብስክሌት ተከፍቷል፤ ሁለት ዋሻ አለው። አጭሩ 409 ሜትር፣ ኮምብ ዳውን የሚባለው 1,672 ሜትር። መብራት አለው፣ ዝናብ የለውም፣ ነፋስ የለውም። መሐሉ ላይ ሰው ሲያልፍ ግድግዳው ውስጥ ከተተከሉ ድምፅ ማጉያዎች የክር መሣሪያ ሙዚቃ ይሰማል። መጀመሪያ ስሰማው ደንግጬ ቆምኩ። ይህ ዋሻ ክፉ ታሪክም አለው። በ1929 ከባድ ዕቃ የጫነ ባቡር ወደ ባዝ ሲመጣ በዋሻው ውስጥ ፍጥነቱ ቀንሶ ነጂውና ረዳቱ በራሳቸው ሞተር ጭስ ራሳቸውን ሳቱ። ባቡሩ ከዋሻው ወጥቶ ቁልቁለቱን ያለ ነጂ ወረደና ከተማው ጫፍ ላይ ተገለበጠ፤ 3 ሰዎች ሞቱ። ክረምት ሲመጣ ከሰል ቤት ውስጥ አታጭሱ እያልኩ የምጨቀጭቃችሁ ይህ ጭስ ሰውን ሳያስጠነቅቅ ስለሚወስድ ነው። ወደ ነገሬ ልመለስ።

በየካቲት አካባቢ የቤት ልኬቴ አማካይ 132/84 ሆነ፣ ክብደቴ 87። ኪኒኑ ስንቱን፣ ሩጫው ስንቱን እንዳወረደ ለይቼ ልነግራችሁ አልችልም። አዘውትሮ መንቀሳቀስ ግፊት ላለበት ሰው የላይኛውን ቁጥር ወደ 5 ነጥብ እንደሚቀንስ እናውቃለን፤ ቀሪው የኪኒኑ ይሆናል። ስለዚህ ኪኒኔን አላቆምኩም።

ለእታባም «በእግሬ እመጣለሁ» አልኳት። «መቼ?» አለች። «ለፋሲካ» አልኩ። «ለፋሲካ ደክመህ ደርሰህ ዶሮዬን ልታበላሽ? ለዳግማ ትንሣኤ ና» አለችኝ።

ባዝን ከብሪስቶል የሚያገናኘው መንገድም የድሮ ባቡር መስመር ነው። 21 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ መኪና የማይገባበት። ከ1979 ጀምሮ ሰዎች ክፍል በክፍል አስፋልት አልብሰው በ1986 ከከተማ ከተማ አገናኙት። የእታባ ሰፈር ኢስተን መጨረሻው ከመድረሱ ጥቂት ቀድሞ ነው።

ያን እሁድ ጠዋት በአንድ ሰዓት ከፑልተኒ ድልድይ ተነሳሁ። ጀርባዬ ላይ ውሃ፣ ደረቅ ካልሲ፣ ፋሻና ፕላስተር። ወንዙን ተከትዬ ወደ ምዕራብ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጥኩ በኋላ ከመንገዴ ወጥቼ ኒውብሪጅ ላይ ዳገት ወጣሁ። ሳላየው እንዳልሄድ የፈለግኩት ቤት ነበር። ፌርፊልድ ሀውስ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አገራችን በጣሊያን ስትወረር በ1936 ገዝተው እስከ 1940 በስደት የኖሩበት ቤት ነው። በ1958 ደግሞ ለአረጋውያን መኖሪያ እንዲሆን ለከተማዋ ሰጡት። ቀለል ያለ ቤት ነው፤ በር ላይ ቆሜ ወደ ሸለቆው ዞሬ አየሁ። ወንዙ ከታች፣ ከማዶ አረንጓዴ ኮረብታ፣ ደመናው ዝቅ ብሎ። አራት ክረምት በዚህ ብርድ። እንደምንም ቀዝቅዤ እንዳልቀር ወረድኩና ቀጠልኩ።

መንገዱ ኤቮንን ደጋግሞ ይሻገራል፤ እያንዳንዱ ድልድይ ላይ ወንዙ በሌላ ጎን ይገኛል። ሶልትፎርድን አልፌ ቢተን ስደርስ አሮጌ የእንፋሎት ባቡሮች የሚቆሙበት ጣቢያ አለ። እዚያ ውሃ ጠጣሁ። ዋርምሊ ላይ ጉልበቴ «አለሁ» አለኝ። ስቴፕል ሂል ዋሻ ውስጥ ስገባ እየተራመድኩ ነበር። በሁለት ሰዓት ተኩል እደርሳለሁ ያልኩት ሰውዬ ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ሄድኩ። ስልኬ ጠርቶ ጠርቶ ባትሪው አለቀ።

ኢስተን አቅራቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ነጠላ የለበሰች ሴት ከሩቅ አየሁ። ምርኩዝ ይዛለች። እታባ። ከቤቷ መንገዱ ድረስ ለሌላው ሰው አምስት ደቂቃ ነው። ለእሷ ግን ከክረምት ወዲህ የሄደችው ትልቁ ጉዞ ነበር።

«ሞትክ ወይስ ቆመህ ስታወራ ነው?» አለችኝ። ሳልመልስላት ዓይኔ እግሯ ላይ ወደቀ። በነጠላ ጫማ ነው የመጣችው። ስኳር ለብዙ ዓመት የቆየበት እግር የመሰማት ኃይሉ ይቀንሳል፤ ቢላጥ፣ ቢወጋው ባለቤቱ አያውቅም። ሳልሳማት ተንበርክኬ ጫማዋን አወለቅኩ። አውራ ጣቷ አጠገብ ማሰሪያው የፈተገው ቦታ ውሃ ቋጥሯል።

«አላመመሽም?»

«ምኑ?»

ሳላፈርጥ በፋሻ ሸፈንኩት፣ ደረቁን ካልሲዬን አለበስኳት። ታክሲ ልጥራ ብላት «በስልክህ ነው በምንህ?» ብላ ሳቀችብኝ። በማግሥቱ የእግር ክሊኒክ ይዣት ሄድኩ፣ በሳምንቱ ደረቀላት፣ ጣቷን የማይነካ ዝግ ጫማም ተገዛላት።

ያን ዕለት ግን እጄን ያዘችና ቀስ ብለን ወደ ቤት ሄድን። እስክንደርስ አራት ጊዜ አረፍን። ሁለቱ የእኔ ነበሩ።